ከሶዳ ጉድጓድ እስከ አታካማ ኩሬዎች፦ ጨውን በፀሐይ የማውጣት ታሪክ

ከሞያሌ ተነስቶ በመጋ በኩል ወደ ያቤሎ የሚሄድ ተጓዥ መንገዱ ላይ ዱብሉቅን ያገኛል። ከዱብሉቅ ትንሽ ገባ ብሎ የሶዳ ቀበሌ አለ፤ እዚያ ሜዳው በድንገት ይቋረጥና እሳተ ገሞራ የቆፈረው ገደል ይከፈታል። ከአፋፉ እስከ ታች ያለው ቁልቁለት በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ነው። ከግርጌው ጥቁር ሐይቅ ተኝቷል። ጨው አውጪዎቹ ልብሳቸውን አውልቀው፣ ጆሯቸውንና አፍንጫቸውን ወትፈው ይገባሉ፤ በረጅም እንጨት የሐይቁን ወለል ፈንቅለው ጥቁሩን ጨዋማ ጭቃ በእጃቸው ያወጣሉ። ጭቃው ዳር ላይ ይከመራል፣ ይጠነፈፋል፣ ከዚያ አህዮች ተሸክመውት ያን ሁሉ ዳገት ይወጣሉ። ጥቁሩ ለከብት፣ ነጩ ለሰው ነው። ከዚያ የሚወጣው ጨው በቦረና ምድር ብቻ አይቀርም፤ ድንበር ተሻግሮ ኬንያ ይገባል።

ለዚህ ሥራ አንድ ሊትር ነዳጅ አይቃጠልም። ውሃውን የሚያተነው ፀሐይ ነው፤ የቀረው የሰው ክንድና የአህያ ጀርባ ነው። ሰውየው ግን ዋጋውን በቆዳውና በዓይኑ ይከፍላል።

እዚያው ዱብሉቅ ከቦረና ዘጠኙ የቱላ ጉድጓዶች አንዱ ይገኛል። እዚህ የሚቀዳው ጨው የሌለበት ውሃ ነው። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ እንደ መሰላል ተደርድረው፣ በዜማ እየተቀባበሉ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያሻግራሉ። የትኛው መንጋ በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ የሚወስን አባ ሄረጋ የሚባል ኃላፊ አለ። ቦረና እንግዲህ ሁለቱንም ውሃ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል፦ ጨው የሚወጣበትንና ነፍስ የሚያቆየውን። ሊቲየም ከጨው ውሃ እንዴት በትንሽ ጉልበት ይወጣል የሚለው የዛሬው የዓለም ጥያቄም ከእነዚህ ከሁለቱ ውሃዎች አይርቅም። ታሪኩን በቅደም ተከተል ማየት ይህን ያሳያል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሰሜን በኩል የአፋር ጨው ከዚህም የገነነ ዝና ነበረው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ነጋዴ ኮስማስ የአክሱም ሰዎች ጨውን ለወርቅ መለወጫ ይዘው ሲሄዱ መዝግቧል። በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ አሞሌ ጨው በገበያው ሁሉ እንደ ገንዘብ ሲዘዋወር አይቶ ጽፏል። አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ ከብር ጎን ሲገበያዩበት ኖሯል። ያን ሁሉ ጨው ያደረቀውም የአፋሩ የአሳሌ ሜዳ ፀሐይ ነው።

በ1817 ስቶክሆልም ውስጥ ዮሃን አውጉስት አርፍቬድሶን የተባለ ወጣት ኬሚስት ኡተ ከምትባል ደሴት የመጣ ፔታላይት የተባለ ድንጋይ ይመረምር ነበር። የድንጋዩን ክፍሎች አንድ በአንድ መዝኖ ሲደምር ከመቶው 4 ያህል ጎደለው። ደጋግሞ ቢሠራም ሒሳቡ አልሞላ አለ። የጎደለው እስከዚያ ቀን ማንም የማያውቀው ንጥረ ነገር ነበር፤ ሊቲየም ተባለ። ከብረታ ብረት ሁሉ ቀላሉ እሱ ነው፤ ክብደቱ የውሃን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በ1860 ጀርመኖቹ ቡንዘንና ኪርሆፍ የነበልባልን ብርሃን በመተንተን ሊቲየም በባሕር ውሃና በማዕድን ምንጮች ሁሉ ውስጥ እንዳለ አሳዩ። ነገር ግን በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ የሚገኘው ከአንድ ሚሊግራም አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ያለበትን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ለይቶ ማውጣት ግን ሌላ ነው።

በዚያ መሐል የአካባቢያችን ካርታ ተለወጠ። በታኅሣሥ 1907 አፄ ምኒልክና እንግሊዞች የኢትዮጵያንና የብሪታኒያ ምሥራቅ አፍሪካን ድንበር ተፈራረሙ፤ ዛሬ ሞያሌን ለሁለት የሚከፍለውና ሄሉ የተባለውን አካባቢ በኬንያ በኩል ያስቀረው መስመር የመጣው ከዚያ ውል ነው። ውሉ አንድ አስተዋይ አንቀጽ ነበረው፦ በመስመሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ጎሳዎች እንደ ቀድሞው በወዲያኛው ወገን ግጦሽ እንዲጠቀሙና በአቅራቢያቸው ወዳለ የውሃ ጉድጓድ እንዲደርሱ ይፈቅድላቸዋል። ድንበሩን ያሰመሩት ሰዎች በዚህ አገር ውሃ ከመስመር እንደሚቀድም ገብቷቸዋል።

ከዚያ በኋላ የጨው ውሃ የኢንዱስትሪ ጉዳይ ሆነ። በ1911 የኬንያው የማጋዲ ሶዳ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ብዙም ሳይቆይ ከኮንዛ እስከ ማጋዲ ሐይቅ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፣ የሐይቁ ሶዳ ወደ ሞምባሳ መጫን ጀመረ። አፋር ውስጥ ዳሎል ላይ ጣልያኖች ፖታሽ ለማውጣት ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ተነስተው ጠባብ ሐዲድ ገነቡ፤ በ1918 ሐዲዱ የዳሎልን አቅራቢያ ደረሰ። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ፓርሰንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እዚያው ፍለጋ ሲያካሂድ ከ1960 እስከ 1966 የመዘገበው የአየር ሙቀት በዓመት አማካይ ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሰው በሚኖርበት ምድር ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ ነው። ለትነት ከዚህ የተሻለ ቦታ፣ ለሠራተኛ ደግሞ ከዚህ የከፋ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ሊቲየም ከጨው ውሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የወጣው በ1938 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲርልስ ከሚባል ደረቅ ሐይቅ ነው። ያን ጊዜ ዋናው ሥራ ፖታሽና ቦራክስ ማምረት ስለነበር ሊቲየም የተገኘው እንደ ተረፈ ምርት ነው። በ1950ዎቹ አሜሪካ ለሃይድሮጂን ቦምብ ሊቲየም ስትፈልግ ፊቷን ያዞረችው ግን ወደ ሰሜን ካሮላይና ድንጋይ ነው።

የድንጋዩ መንገድ እሳት ይበላል። ስፖዱሜን የሚባለው የሊቲየም ድንጋይ ኬሚካል አያስገባም፤ መጀመሪያ ወደ 1,050 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ እቶን ተጠብሶ ውስጣዊ አደረጃጀቱ መፍረስ አለበት። ቀጥሎ ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ተደባልቆ በ250 ዲግሪ ገደማ እንደገና ይጠበሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሊቲየሙ በውሃ የሚታጠበው። እቶኑን የሚያነደው በአብዛኛው የድንጋይ ከሰል ወይም ጋዝ ነው።

በ1962 አናኮንዳ የተባለ የመዳብ ኩባንያ ለቹኪካማታ ማዕድኑ ውሃ ፍለጋ በሰሜን ቺሌ የአታካማን የጨው ሜዳ ቆፈረ። ያገኘው የሚጠጣም ሆነ ለፋብሪካ የሚሆን ውሃ አልነበረም፤ በሊቲየም የበለጸገ የጨው ውሃ ነበር። ዛሬ በዓለም ከታወቁት የሊቲየም ምንጮች ሁሉ የከበረው ይህ ሜዳ የተገኘው እንግዲህ ውሃ በጠማው ሰው ነው። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1966፣ ፉት ሚኒራል የተባለ ኩባንያ በኔቫዳ ሲልቨር ፒክ ላይ ሊቲየምን ራሱን ዓላማ ያደረገ የትነት ኩሬ አስጀመረ። አታካማ በ1984 ማምረት ጀመረች።

አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የጨው ውሃው ከሜዳው ሥር በፓምፕ ተስቦ ሰፊ ኩሬ ውስጥ ይፈስሳል። በመጀመሪያው ኩሬ የገበታ ጨው ይጋገራል፤ ውሃው ወደሚቀጥለው ሲገባ የፖታሽ ጨው ይወርዳል፤ ከዚያ የማግኒዥየሙ። ቀለሙ ከኩሬ ኩሬ ይለዋወጣል፣ ወደ መጨረሻው ሲደርስ እንደ ዘይት የወፈረ ቢጫ ፈሳሽ ይሆናል። ሲገባ በሊትር አንድ ግራም ተኩል ያህል ሊቲየም የነበረው ውሃ ሲወጣ ከክብደቱ 6 በመቶ ያህሉ ሊቲየም ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይፈጃል።

ፀሐይ ምን ያህል እንደምትቆጥብ ለመረዳት አንድ ሒሳብ ይበቃል። አንድ ቶን ውሃ በእሳት አፍልቶ እንፋሎት ለማድረግ 630 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይፈልጋል። አንድ ቶን ሊቲየም ለማግኘት ደግሞ በአታካማ እንኳ ከ600 ሜትር ኩብ በላይ የጨው ውሃ መተን አለበት፤ ያውም ምንም ሳይባክን ነው። በነዳጅ ቢሆን ማንም አይሞክረውም። ኩሬዎቹ ያን ሁሉ ጉልበት ከሰማይ በነጻ ይቀበላሉ፤ በኤሌክትሪክና በናፍጣ የሚሠራው ከሞላ ጎደል ፓምፑና መጨረሻው ላይ ያለው ፋብሪካ ነው።

ፋብሪካው ውስጥ የሚሆነው የኬንያን አንባቢ ይመለከታል። የተጣራው ፈሳሽ ይሞቅና ሶዳ አሽ ይጨመርበታል፤ ነጭ የሊቲየም ካርቦኔት ዱቄት ይወርዳል። ለአንድ ቶን የሊቲየም ካርቦኔት ቢያንስ 1.4 ቶን ሶዳ አሽ ያስፈልጋል። ማጋዲ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ውጭ ሲልክ የኖረው ይህንኑ ዕቃ ነው። ፈሳሹ የሚሞቅበት ምክንያትም አለው፦ ብዙ ጨዎች ውሃው በሞቀ ቁጥር ይበልጥ ይሟሟሉ፣ ሊቲየም ካርቦኔት ግን በሙቅ ውሃ ውስጥ መሟሟቱ ይቀንሳል። ይህ የተገላቢጦሽ ባሕርይ ኋላ ላይ ቲቤት ውስጥ ትልቅ ቁም ነገር ሠርቷል።

የኩሬው ዘዴ ግን ሁለት ስለት አለው። ከሚገባው ሊቲየም በአብዛኛው ግማሹ ያህል ከሌሎቹ ጨዎች ጋር ታስሮ ይቀራል። ውሃው ደግሞ ወደ ሰማይ ሄዶ አይመለስም። በዓለም ደረቅ ከሚባሉ ቦታዎች አንዱ በሆነው ሜዳ ዙሪያ የሚኖሩት የአታካማ ነባር ሕዝቦችና በሐይቆቹ ዳር የሚያድሩት ፍላሚንጎዎች ያሉት ያንኑ ተፋሰስ ተጋርተው ነው። የሚተነው ውሃ የሚጠጣ አይደለም የሚለው የኩባንያዎች መልስ ግማሽ እውነት ብቻ ነው፤ ጨዋማው ውሃ ሲቀንስ በዳር ያለው ንጹህ ውሃ ወደ መሐል ሊሳብ ይችላልና።

ኢትዮጵያ ይህን ትምህርት በራሷ ሐይቅ ላይ አይታለች። አብያታ ላይ በ1980ዎቹ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ተተከለ፤ አሠራሩ የሐይቁን ውሃ በፓምፕ ስቦ በኩሬ ማትነን ነበር። በዚያው ዘመን አብያታን የሚመግበው የቡልቡላ ወንዝና መነሻው የዝዋይ ሐይቅ ለመስኖ እየተቀዱ ነበር። የገባው ቀንሶ የወጣው ሲበዛ ሐይቁ ሸሸ፣ ውሃው ይበልጥ ጨዋማ ሆነ፣ ዓሣው አለቀ፤ በአጠገቡ ባለው የሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ይፈለፈሉ የነበሩት ፔሊካኖች ምግባቸውን አጡ። የአብያታ ሻላን ፓርክ የሚያቋርጥ ሰው የድሮው ዳርቻ ከዛሬው ውሃ ምን ያህል እንደራቀ በዓይኑ ያያል። ጥፋቱን ሁሉ በፋብሪካው ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም፤ ነገር ግን በፀሐይ የሚሠራ ነገር ጉዳት የለውም የሚል ካለ አብያታ ይመልስለታል።

የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች የሚመስል የሶዳ ሐይቅ ይዘው በብልሃት የሠሩት ቻይናውያን ናቸው። በቲቤት ከ4,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ዛቡዬ የሚባል ሐይቅ አለ፤ በ1980ዎቹ ጄንግ ሚየንፒንግ የሚመሩት የጂኦሎጂ ቡድን እዚያ በተፈጥሮ የተጋገረ የሊቲየም ካርቦኔት ማዕድን አገኘ፣ ስሙም ከሐይቁ ተወሰደ። ችግሩ ነዳጁ ነበር። መንገድ በሌለበት፣ እንጨት በማይበቅልበት ከፍታ ላይ የጨው ውሃ ማሞቅ ከሚገኘው ትርፍ በላይ ያስወጣል።

መፍትሔው ከሁለት ወቅቶች ተገኘ። በክረምቱ ብርድ የማይፈለጉት ጨዎች ይጋገሩና ውሃው በሊቲየም ይጠነክራል። ጸደይ ሲገባ ይህ ውሃ ጥልቅ ኩሬ ውስጥ ይገባል፤ ከላዩ ላይ ቀስ ተብሎ ጨው የሌለበት ውሃ ይነጠፍበታል። ከታች ያለው በጨው ብዛት ስለሚከብድ ሲሞቅም ወደ ላይ አይነሣም፤ የላይኛው ሽፋን እንደ ብርድ ልብስ ሙቀቱን አፍኖ ያቆየዋል። የፀሐይ ብርሃን ገብቶ የታችኛውን ያሞቀዋል፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ያን ጊዜ የሊቲየም ካርቦኔት የተገላቢጦሽ ባሕርይ ይሠራል፦ ውሃው ሲሞቅ ጨዉ ወለሉ ላይ ይጋገራል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዚህ መንገድ ለገበያ ተመርቷል። እቶን አልነደደም። ከጨው ውሃ ሊቲየም በትንሽ ጉልበት ማውጣትን በተመለከተ እስካሁን ከታዩት ሥራዎች ሁሉ ይህ ከፍተኛ አድናቆት የሚገባው ነው፤ የተሠራው ቦታው በሰጠው ነገር ብቻ ነውና።

በ1991 ሶኒ የመጀመሪያውን የሊቲየም አዮን ባትሪ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ፈጣን ነው። ዛሬ ሄሉ ውስጥ በስልኩ ገንዘብ የሚልክ ነጋዴ፣ ማታ በፀሐይ መብራት የምታጠና ተማሪ፣ ሁለቱም ሊቲየም በእጃቸው ይዘዋል። በ2019 ባትሪውን ለዚህ ያበቁት ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ።

ፍላጎቱ ሲንር ዓመት ተኩል መጠበቅ አሰልቺ ሆነ። ዳው የተባለው የአሜሪካ ኬሚካል ኩባንያ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲሠራበት የነበረ ሌላ ሐሳብ ነበር፦ ውሃውን ሁሉ አትንኖ ሊቲየምን ከማስቀረት ሊቲየምን ብቻ ለቅሞ ውሃውን መመለስ። የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ድርብርብ ገጾች የሊቲየም ክሎራይድን አቅፈው ይይዛሉ፤ ሶዲየሙና ማግኒዥየሙ አልፈው ይሄዳሉ። የያዘው ነገር ሲሞላ በሞቀ ንጹህ ውሃ ይታጠብና ሊቲየሙን ይለቃል። በ1990ዎቹ መጨረሻ አርጀንቲና ውስጥ ኦምብሬ ሙዌርቶ በሚባለው የጨው ሜዳ ላይ ኤፍኤምሲ የተባለው ኩባንያ ይህን ዘዴ ከኩሬ ጋር አጣምሮ ሥራ ላይ አዋለው።

ጊዜው አጠረ፣ ምርቱ ጨመረ። ማጠቢያው ግን ንጹህ ውሃ ነው። ውሃው የተቀዳው ከትራፒቼ ወንዝ ሲሆን፣ የወንዙ ረግረግ ሣር መድረቁን የአካባቢው እረኞች ለዓመታት ሲናገሩ ቆይተዋል። በመጋቢት 2024 የካታማርካ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚያ አካባቢ አዲስ የሊቲየም ፈቃድ እንዳይሰጥ፣ የሁሉም ፕሮጀክቶች ድምር ጉዳት አስቀድሞ እንዲጠና አዘዘ። ክሱን ያቀረቡት የቦታው ነባር ሕዝቦች ናቸው።

ሦስተኛው መንገድ የመጣው ከባትሪው ከራሱ ነው። የባትሪ ኤሌክትሮድ ሊቲየም የሚስብ ከሆነ፣ የጨው ውሃ ውስጥ ቢነከር ለምን አይለቅምም? የጃፓን ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ በማንጋኒዝ ኦክሳይድ ሞከሩት። በ2012 ማውሮ ፓስታ፣ አልቤርቶ ባቲስቴልና ፋቢዮ ላ ማንቲያ ባሳተሙት ጥናት ሶዲየሙ ከሊቲየሙ መቶ እጥፍ የበዛበትን ፈሳሽ ሊቲየሙ አምስት እጥፍ ወደሚበልጥበት ሲለውጡ ለአንድ ኪሎ ሊቲየም የፈጀባቸው 144 ዋት ሰዓት ብቻ እንደሆነ አሳዩ። ይህ መለያውን ብቻ የሚቆጥር የቤተ ሙከራ ቁጥር ነው፤ ፓምፕ፣ ማጣሪያና ማድረቂያ የሉበትም። ቢሆንም አሲድም የእጥበት ንጹህ ውሃም ሳይበዛ ሥራው እንደሚቻል ስላሳየ ብዙዎች ተከትለውታል።

በሐምሌ 2024 የፈረንሳዩ ኤራሜት በአርጀንቲና ሴንቴናሪዮ በዓመት 24,000 ቶን የሊቲየም ካርቦኔት እንዲያመርት የታቀደ የለቀማ ፋብሪካ አስመረቀ፤ ኩባንያው ከውሃው ውስጥ ካለው ሊቲየም 90 በመቶ ያህሉን በአንድ ሳምንት አወጣለሁ ይላል። ጀርመን ውስጥ በራይን ሸለቆ ቩልካን የተባለው ድርጅት ከምድር ሥር የሚወጣውን ሙቅ የጨው ውሃ በአንድ በኩል ለሙቀትና ለኤሌክትሪክ፣ በሌላ በኩል ለሊቲየም እየተጠቀመበት ነው፤ ውሃው ተመልሶ ወደ መሬት ይገባል። ጉልበቱም ማዕድኑም ከአንድ ጉድጓድ ነው።

ኢትዮጵያስ? በእጇ የታወቀው ሊቲየም ከሞያሌ በስተሰሜን በጉጂ ዞን ቀንጢቻ ላይ ያለው ነው። እሱ ድንጋይ ነው፦ ከ1990 ጀምሮ ታንታለም ሲወጣበት የቆየው ፔግማታይት ስፖዱሜን ይዟል። ስለዚህ መንገዱ የእቶኑ መንገድ ነው፤ ድንጋዩ ተጭኖ ወደ ውጭ ቢሄድ የሌላ አገር የድንጋይ ከሰል ይጠብሰዋል፣ እዚሁ ቢጣራ ከአባይና ከግቤ የሚመነጨው ኤሌክትሪክ ቢያንስ የጥብሱን ከፊል ሊሸከም ይችላል። በጥር 2024 አገሪቱ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስትከለክል የባትሪ ፍላጎቷን በገዛ እጇ ከፍ አድርጋዋለች፤ ስለዚህ ይህ ምርጫ የማዕድን ሚኒስቴር ብቻ ጉዳይ አይደለም።

የጨው ውሃውም ተራው ሩቅ አይደለም። ዳሎል ላይ ያራ የተባለው ኩባንያ ያዘጋጀው የፖታሽ ዕቅድ ውሃ ወደ ታች ሰድዶ ጨዉን አሟሙቶ ማውጣትና በፀሐይ ኩሬ ማድረቅ ነው፤ በ2015 ይፋ ሲሆን በዓመት 600,000 ቶን የፖታሽ ማዳበሪያ ታስቦለት ነበር። አለናና አይሲኤል የተባሉ ኩባንያዎችም ከጎኑ ሞክረው ወጥተዋል። በአፋር ፀሐይ አያንስም። የሚያንሰው ወደ ጉድጓዱ የሚላከው ውሃ ነው።

ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በቦረናና በኬንያዋ ማርሳቢት አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ከብት እንዴት እንዳለቀ ያየ ሰው፣ የማንኛውንም ዘዴ ቁጠባ በኪሎዋት ሰዓት ብቻ ለክቶ አያበቃም። በአፋርም ሆነ በስምጥ ሸለቆ የጨው ውሃ ፈቃድ ሲጠየቅ ማመልከቻው ላይ ሦስት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሊሰፍሩ ይገባል፦ ለአንድ ቶን ምርት የሚፈጀው ጉልበት፣ የሚቀዳው ንጹህ ውሃ፣ ወደ መሬት የሚመለሰው የጨው ውሃ። ወንዙና ጉድጓዱ በስም መጠራት አለባቸው። ቁጥሮቹም ፋብሪካው ከተተከለ በኋላ ሳይሆን ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት፣ በአፋርኛና በኦሮምኛ፣ ከብቱን እዚያ ለሚያጠጣው ሰው ሊነበቡለት ይገባል።